ፍላሽ ኢንተርኔቱን የቀደመበት ማታ፦ የአንድ የአዳማ ምርመራ ማዕከል የመስመር ምርጫ

ልጁ ከባጃጅ ላይ ወድቆ ነው የመጣው። ራሱን ያውቃል፣ ይናገራል፣ ግን ሁለት ጊዜ አስመልሶታል። አዳማ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል አስገቡትና የጭንቅላትና የአንገት ሲቲ ስካን ተነሳ። ማንሳቱ ራሱ ደቂቃዎች ነው የፈጀው። ማዕከሉ ግን ቋሚ ራዲዮሎጂስት የለውም፤ ምስሉን የሚያነቡለት አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ዶክተር ናቸው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መላክ ተጀመረ። 12፡20 ላይ፣ ግማሹ ከሄደ በኋላ፣ መስመሩ ለአፍታ ተቋረጠና ፋይሉ እንደገና ከዜሮ ጀመረ።

የማዕከሉ ባለቤት ሲስተር ናቸው። ሰው ሁሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው፤ ይህን የምጽፈውም በእሳቸው ፈቃድ ስለሆነ ከዚያ በላይ አልሄድም። ያን ማታ ቤታቸው ነበሩ። ዶክተሩ ደጋግመው ይደውላሉ፤ "ሲስተር፣ እስካሁን ምንም አልደረሰኝም።" በመጨረሻ መላ ያመጣችው እንግዳ ተቀባይዋ ነች። ምስሉን በፍላሽ ገልብጣ፣ አዲስ አበባ ሊሄድ መናኸሪያ ደርሶ ለነበረው ለሲስተር የእህት ልጅ ሮጣ ሰጠችው። አባዱላው በፍጥነት መንገዱ ወጣ፣ ወጣቱ ቃሊቲ ወርዶ በታክሲ ሳሪስ ገባ፣ 2፡15 ላይ ዶክተሩ ፍላሹን ከፈቱት። በኢንተርኔት የተላከው የደረሳቸው 3 ሰዓት ላይ ነው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና የሄደ ፍላሽ 45 ደቂቃ ቀደመ። በሽተኛው ደህና ነው፤ ደም መፍሰስ አልነበረም።

እኔ የተጠራሁት በማግስቱ ነው። ሥራዬ አዳማ ውስጥ ለቢሮዎችና ለሆቴሎች ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ሲስተር ገና ሳልቀመጥ፦ "ልጄ፣ ትልቁን ፓኬጅ አስገባልኝ። ዋጋውን አትንገረኝ" አሉ። ከጥቂት ወራት በፊት ከ2 ሜጋ ወደ 4 ሜጋ አሳድገውታል። ልዩነት አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ዩቲዩብ ይፈጥናል" አሉኝ። መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር።

መጀመሪያ ሂሳቡ

አንድ የሲቲ ምስል ቁራጭ 512 በ512 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ይይዛል። ግማሽ ሜጋባይት ማለት ነው። የጭንቅላትና የአንገት ምርመራ በስስ ቁራጭ ሲነሳ 600 ቁራጭ ቢሆን 300 ሜጋባይት ይመጣል። የኢንተርኔት ፓኬጅ ፍጥነት የሚለካው ግን በሜጋባይት አይደለም፣ በሰከንድ በሚያልፍ ሜጋቢት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 300ው ወደ 2400 ይለወጣል። በ4 ሜጋ ቢላክ 10 ደቂቃ ነው። ሲስተርም፣ ፓኬጁን የሸጠላቸው ሰውም ያሰቡት እንዲህ ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ስለካው ዳውንሎዱ፣ መቀበያው፣ 3.7 ሜጋ መጣ። አፕሎዱ፣ መላኪያው፣ 0.5 ነው። 2400ን ለ0.5 ስናካፍል 4800 ሰከንድ፣ 80 ደቂቃ። የማዕከሉ ሥራ መላክ ነው፤ ገንዘብ ያወጡበት ግን መቀበያው ነው።

ይህ የማንም ተንኮል አይደለም። ማዕከሉ የሚጠቀመው በስልክ የመዳብ ሽቦ የሚመጣውን ኤዲኤስኤል ነበር። የእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደል ራሱ "የማይመጣጠን" ለሚለው ቃል የቆመ ነው። በአንዱ ሽቦ ላይ ድምፅ ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ይሄዳል፣ አፕሎድ ከ26 እስከ 138 ኪሎኸርዝ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ ዳውንሎድ ከ138 እስከ 1104 ባለው ሰፊ ጎዳና። ቴክኖሎጂው ሲሠራ ሰው ቤቱ ተቀምጦ እንዲያነብና እንዲያይ ታስቦ ነው እንጂ ምስል አምርቶ እንዲልክ አይደለም። ፓኬጁን ወደ 8 ሜጋ ብናሳድገው የሚሰፋው ጎዳናው ነው፤ አፕሎዱ 1 ሜጋ ከደረሰ በጣም ጥሩ ነው። በዚያ ላይ መዳብ ርቀት አይወድም፤ ከስልክ ጣቢያው በራቅክ ቁጥር ይቀንሳል፣ መገናኛው ላይ ውሃ ከገባ ደግሞ በክረምት ይቆራረጣል።

ያልጠበቅነው ሌባ

ሂሳቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልገጠመልኝም። በ0.5 ሜጋ 80 ደቂቃ የሚፈጀው ነገር ያን ማታ በ80 ደቂቃ የሄደው ግማሹ ብቻ ነበር። ሌላ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የመጠባበቂያ ክፍሉን ዋይፋይ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ሰው ሁሉ ቲክቶክ ላይ ነው። ቲክቶክ ግን የሚበላው ዳውንሎዱን ነው።

ራውተሩ ላይ ማን ስንት እየላከ እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ለ10 ደቂቃ ያህል ሁሉም ሰላም ነበር። ድንገት አንድ መሣሪያ ዘለለና ከአፕሎዱ ግማሹን ያዘ፤ የደህንነት ካሜራዎቹ መቅጃ ሳጥን። ይህ ዓይነት ካሜራ ሁልጊዜ አይልክም፤ የሚልከው አንድ ሰው ከውጭ ሆኖ ሲያየው ነው። ዞር ብዬ ሳይ ሲስተር በሩ ላይ ቆመው ስልካቸውን ያያሉ። በሞባይል ዳታ ቢሮውን እየተመለከቱ ነበር፤ "እየሠራህ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው" አሉ እየሳቁ።

ያን ማታም እንደዚያው ነበር። ምስሉ አልሄድ ሲል ቤታቸው ሆነው ካሜራውን ከፍተው፣ ሠራተኞቹ ኮምፒውተሩ ላይ መቀመጣቸውን ደቂቃ በደቂቃ ሲከታተሉ አመሹ። በተከታተሉ ቁጥር ይዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር ይከታተላሉ። ስነግራቸው ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ፤ ቀጥለው መተግበሪያውን እዚያው ፊቴ አጠፉት። የፈውስ ግማሹ ያለ አንድ ሳንቲም በዚያ ቅጽበት ተገኘ።

ሁለተኛው ነፃ መድኃኒት ከዶክተሩ ነው የመጣው። ስደውልላቸው የጠየቅኳቸው ነገር ቀላል ነበር፤ ለአጣዳፊ በሽተኛ 600ውም ቁራጭ ያስፈልግዎታል ወይ? "የለም" አሉ። "መጀመሪያ የጭንቅላቱ ወፍራም ቁራጭ ይድረሰኝ፣ ባለ 5 ሚሊሜትሩ። ከባድ ደም መፍሰስ ካለ እሱ ላይ ይታየኛል። ስሱን ደግሞ በኋላ።" ባለ 5 ሚሊሜትሩ የጭንቅላት ምስል 30 ቁራጭ ገደማ ነው፣ 15 ወይም 16 ሜጋባይት። በዚያው በአሮጌው የመዳብ መስመር፣ ካሜራው ከተዘጋ፣ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይደርስ ነበር። ፍላሹ ገና መናኸሪያ ሳይደርስ። ለመላክ ያገለገለው ሶፍትዌር ምስሎቹን በቅደም ተከተል የመላክ ምርጫ ነበረው፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም።

ስለ ፍላሹ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የበሽተኛው ስም፣ ዕድሜና ሙሉ ምስሉ ያለበት ፍላሽ በአንድ ወጣት ኪስ ውስጥ ነው አዲስ አበባ የገባው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ነው። ያን ማታ ሌላ ምርጫ አልነበረም፣ አልፈርድም። ልማድ እንዲሆን ግን አልፈለግሁም።

ምን ምን አማራጭ ነበረን

መስመሩን መቀየሩ አልቀረም። ቀን ላይ በተከታታይ ስምንትና አሥር በሽተኛ ሲኖር 0.5 ሜጋ አይችልም፤ ወፍራሙ ቢቀድምም ስሱ ሌሊቱን ሙሉ ተሰልፎ ያድራል።

ሳተላይትን ቶሎ ነው የተውነው። ባንኮች በሩቅ ቅርንጫፎቻቸው የሚጠቀሙበት ዓይነት ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው የሚቆመው፤ ጥያቄው ወጥቶ መልሱ እስኪመለስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይሄዳል። ፋይል ለመላክ ይህ አይጎዳም፣ በቪዲዮ ለመነጋገር ግን ያሰለቻል። ሌላ መንገድ በሌለበት ገጠር ግሩም ነገር ነው። አዳማ መሀል ላይ ግን ሰሃን መትከል ቧንቧ ያለበት ግቢ ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ዴዲኬትድ የሚባለው መስመር ላይ ግን ረጅም ክርክር ነበረን። ይህ ለአንተ ብቻ የተለየ ነው፤ 10 ሜጋ ከገዛህ ከሌሊቱ 7 ሰዓትም ከቀኑ 7 ሰዓትም 10 ነው፣ አፕሎዱም ዳውንሎዱም እኩል ናቸው፣ ሲበላሽ በስንት ሰዓት እንደሚጠገን ውል ይገባልሃል። ዋጋው በጋራ ከሚሸጠው ፋይበር ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ነው። የሲስተር የሒሳብ ባለሙያ "አንድ ጊዜ ተከፍሎ እንገላገል" ባይ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ውሉ ገመዱ እንዳይበጠስ አያደርግም፤ ሲበጠስ ቶሎ እንዲቀጠል ነው የሚያደርገው። ባንክ ወይም ትልቅ ፋብሪካ ቢሆን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ማዕከል ግን በአንድ ውድ ገመድ ከመንጠልጠል በሁለት የተለያየ መንገድ በሚመጡ ርካሽ ገመዶች መያዝ ይሻላል ብዬ አመንኩ፤ አሁንም አምናለሁ።

የጋራው ፋይበር እንዲህ ነው የሚሠራው። ከጣቢያው የሚነሳ አንድ የመስታወት ክር 2.5 ጊጋቢት ወደ ደንበኛ፣ 1.25 ጊጋቢት ከደንበኛ ይዞ ይመጣና መንገድ ላይ በስፕሊተር ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ፊልም ሲከፍት ሊሰማህ ይችላል፤ ሰፈሩ ፊልም የሚያየው ግን በዳውንሎዱ በኩል ነው፣ የአፕሎዱ መንገድ ባዶውን ያድራል። ለእኛ ዓይነት ላኪ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው። መስታወት ደግሞ እንደ መዳብ በውሃና በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት አይደክምም።

ቀሪው 4ጂ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ኦፕሬተር አለ፤ ስለዚህ ዋናው መስመር በአንዱ ከሆነ መጠባበቂያውን በሌላው ማድረግ ይቻላል። አንዱ ሲጠፋ ሌላውም አብሮ የመጥፋቱ ዕድል ይቀንሳል።

4ጂውን ለመሞከር ሁለቱንም ሲም ራውተር ውስጥ አስገብቼ መጀመሪያ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩ። አንድ እንጨት ብቻ። ሌላውም አንድ። ሰፈሩ ላይ ኔትወርክ የለም ብዬ ልደመድም ስል ትዝ አለኝ፤ የሲቲ ክፍል ግድግዳ ጨረር እንዳያሳልፍ በእርሳስ የተሸፈነ ነው፣ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወትም እርሳስ ያለበት ነው። ኤክስሬይን የሚከለክል ግድግዳ ለስልክ ሞገድም አይራራም። ራውተሩን ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ላይ አውጥቼ መስመሩን በገመድ ወደ ታች ሳወርደው አፕሎዱ ጠዋት 14 ሜጋ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ 4 ሜጋ ሰጠ። በ4 ሜጋ 300 ሜጋባይቱ 10 ደቂቃ ነው። ለመጠባበቂያ ከበቂ በላይ።

4ጂውን ዋና መስመር ያላደረግነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ይህ የማታና የጠዋት መለዋወጥ ነው። ሁለተኛው የአይፒ አድራሻ (መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ የሚገኝበት ቁጥር) ጉዳይ ነው፤ በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ደንበኛ አንድ አድራሻ ስለሚጋራ ዶክተሩ ከሳሪስ ሆነው የማዕከሉን ሰርቨር ማንኳኳት አይችሉም። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚከፈት ቪፒኤን (በኢንተርኔቱ ውስጥ የተዘጋ የግል መተላለፊያ) ሠርተን ይህን አለፍነው፤ በፋይበሩ በኩልም ያው ቪፒኤን ስለሚያገለግል ዶክተሩ በየትኛው መስመር እንደመጣላቸው እንኳ አያውቁም።

ሥራው ሲገባ

ፋይበሩ የዘገየው በገመድ አይደለም። ማዕከሉ ኪራይ ላይ ነው። ቴክኒሻኖቹ መሰላል ይዘው መጡ፣ ዘበኛው፦ "ሐጂ ሳይፈቅዱ ግድግዳ አይነካም" ብሎ መለሳቸው። የሕንፃው ባለቤት ሐጂ ደግሞ ድሬዳዋ ናቸው። በስልክ ሲገኙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀዳዳው ከፊት ለፊት እንዳይታይ። ከኋላ በኩል ተበሳ። በዚህ ብቻ ሁለት ሳምንት ሄደ። ቢሮ ተከራይተህ መስመር የምታስገባ ከሆነ ከአቅራቢው በፊት የሕንፃውን ባለቤት አነጋግር።

ፋይበሩ ሲገባ አፕሎዱ ከ10 ሜጋ በላይ ለካ። 300 ሜጋባይቱ በ4 ደቂቃ። ሲስተር ሰዓታቸውን እያዩ ቆመው ነበር።

መብራትንም ማሰብ ነበረብን። ከከተማው ወጣ ብሎ የአዳማ 1ና 2 የንፋስ ተርባይኖች ኮረብታው ላይ ሲዞሩ ይታያሉ፣ በድምሩ 204 ሜጋዋት የተተከለባቸው ናቸው፤ እኛ እታች መብራት ይሄድብናል። መብራት ሲሄድ ሲቲው ያለ ጄኔሬተር አይሠራም፣ የተነሳውን ምስል ግን መላክ ይቻላል። የፋይበሩ ሞደምና ራውተሩ በ12 ቮልት የሚሠሩ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ለእነሱ ብቻ አንድ ትንሽ የዲሲ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) አደረግንላቸው፣ ለሰዓታት ይይዛቸዋል። ኮምፒውተሩ በትልቁ ዩፒኤስ ላይ ነው።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ተቀባይዋ ደወለች፤ "ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት እያበራ እያጠፋ ነው።" በፋይበር ሞደም ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ሲል ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው ውጭ ነው፣ ሞደሙን ማጥፋትና ማብራት ምንም አይፈይድም። አዳማ የጭነት መኪና ከተማ ናት። አንዱ ከልክ በላይ ከፍ ያለ ጭነት ይዞ ሲያልፍ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተዘረጋውን ገመድ ይዞት ሄዷል። ምንም አይደለም አልኳት፤ ራውተሩ ራሱ ወደ 4ጂው ይዞራል። "አልዞረም" አለች።

ሄጄ አየሁት። ራውተሩ በትክክል ዞሯል፣ እንጨቱም አራት ነው፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ለሲሙ የገዛነው የ30 ቀን ፓኬጅ ካለቀ 9 ቀን ሆኖታል። ሲሙን የገዛሁት፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ማን በየወሩ እንደሚሞላው ግን ለማንም አልነገርኩም፣ ራሴም ረሳሁ። ፋይበሩ ሲሠራ መጠባበቂያው መሞቱን የሚናገር አካል የለም። ቆሜ ከኪሴ ካርድ ሞላሁ፤ ሲስተር ከበሩ ላይ ሆነው፦ "ካሜራውን ግን አልከፈትኩም እሺ" አሉኝ።

ፋይበሩ በማግስቱ ተቀጠለ። በዚያ ሌሊት በ4ጂው የሦስት በሽተኛ ምስል ሄዷል፤ የአንዱ ወፍራም ቁራጭ ቀድሞ ደርሶ ዶክተሩ በሽተኛውን ወዲያው ወደ ሆስፒታል አስላኩት።

ከዚያ በኋላ እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አለ። በየወሩ መጀመሪያ ጠዋት፣ በሽተኛ ሳይመጣ፣ ከፋይበሩ ሞደም ወደ ራውተሩ የሚሄደውን ገመድ ትነቅላለች፣ ትጠብቃለች፣ አንድ የሙከራ ምስል ለዶክተሩ ትልካለች፣ ትመልሳለች፣ ትጽፋለች። ባለፈው ስሄድ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ "ፋይበር 2፡05 ነቀልኩ። 4ጂ 2፡06 ያዘ። ፓኬጅ እስከ 24 አለው። ዶክተር ደርሶኛል ብለዋል።"